መጽሐፍ ቅዱስ «ሰነፍ» የሚለው ማንን ነው?

መንዝ ልጅ ሆነን፣ እራት እስኪደርስ እሳት ዳር ቁጭ ብለን እንቆቅልሽ እንጫወት ነበር። አንዱ «እንቆቅልህ» ይላል። ሌላው «ምናውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። መልሱ የጠፋው ሰው አገር ይሰጣል። «ደብረ ብርሃንን ሰጠሁህ» ሲባል ተቀባዩ «ደብረ ብርሃን ገብቼ ምን አጥቼ» ይልና መልሱን ይናገራል። ውጭ ውርጩ ሣሩን እያነጣው፣ እኛ ቤት ውስጥ ከተማ ስንሰጥና ስንቀበል እናመሻለን።

ይህ ጨዋታ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም እንዳለ ያስተዋልኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ንግሥተ ሳባ የሰሎሞንን ዝና ሰምታ የሄደችው በእንቆቅልሽ ልትፈትነው ነው። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 ላይ የአማርኛው ትርጉም የተጠቀመው ቃል ራሱ «እንቆቅልሽ» ነው። በልቧ ያለውን ሁሉ ጠየቀችው፤ እሱም አንድ ሳያስቀር ፈታላት። ጥበብን በጥያቄ መፈተን እንግዲህ የዛሬ ነገር አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን ላይ ለሰንበት ተማሪዎች የጥያቄና መልስ ውድድር እንዳዘጋጅ ተጠየቅኩ። ርዕሱ «ጥበብና ስንፍና በመጽሐፍ ቅዱስ» ነበር። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ሰሎሞን ስንት ምሳሌ ተናገረ? 3000። መኃልዩስ? 1005። መጽሐፈ ምሳሌ ስንት ምዕራፍ አለው? እዚህ ላይ ትንሽ ወጥመድ አስገባሁ። ብዙው ሰው 31 ይላል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በ81ዱ መጻሕፍት አቆጣጠር ግን መጽሐፉ ለሁለት ይከፈላል። እስከ 24 ያለው «ምሳሌ» ነው፤ ከ25 እስከ 31 ያለው «ተግሣጽ» ይባላል። ልጆቹ ይህንንም መለሱ። ጎበዞች ነበሩ።

ቀጥሎ «በመጽሐፈ ምሳሌ ሰነፍ የሚባለው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዲት ልጅ ቶሎ ብላ እጇን አወጣች። «ሥራ የማይወድ ሰው» አለች። ተጨበጨበላት። እኔም ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

ዝግጅቱ ሲያልቅ ከኋላ ተቀምጠው ሲሰሙ የነበሩት የኔታ ወደ እኔ መጡ። መጻሕፍት ቤት፣ የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ በሚማሩበት ጉባኤ፣ ብዙ ዘመን የቆዩ ሰው ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ያ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ የሠራው ባለጠጋ ሥራ አይወድም ነበር?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ለዚያች ልጅ ትክክል ነሽ ያልኳት እኔ ነኝ። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ታሪኩ ሉቃስ ምዕራፍ 12 ላይ ነው። አንድ ሀብታም ገበሬ እርሻው ሰመረለት። እህሉ የሚገባበት ቦታ ጠፋ። ጎተራዬን አፍርሼ ከእሱ የሚበልጥ እሠራለሁ አለ። ከዚያ ነፍሴን ዕረፊ፣ ብዪ፣ ጠጪ እላታለሁ ብሎ አሰበ። እግዚአብሔር ግን «አንተ ሰነፍ» አለው፤ በዚያች ሌሊት ነፍሱ ትወሰዳለችና። አስቡት። ይህ ሰው ዘርቷል፣ አጭዷል፣ ወቅቷል፣ አቅዷል። ዛሬ መንዝ ወይም ምንጃር ቢኖር ሞዴል አርሶ አደር ተብሎ ይሸለም ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሰነፍ አለው።

ችግሩ ቃሉ ላይ ነው። በዛሬ አማርኛ ሰነፍ ማለት ሥራ የማይወድ ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ «ሰነፍ ተማሪ» ስንል ውጤቱ ዝቅ ያለውን ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ሰነፍ» ሲል ግን በአብዛኛው ሌላ ሰው ማለቱ ነው። ማመዛዘን ያቃተው፣ የሚበጀውን ከሚጎዳው ያልለየ፣ እያየ የማያይ ሰው ማለቱ ነው። በኋላ የወጡ ትርጉሞች በብዙ ቦታ «ሞኝ»፣ «ቂል»፣ «ተላላ» እያሉ የለወጡት ለዚህ ነው። ግእዙም ይረዳናል። መዝሙረ ዳዊት ላይ በልቡ አምላክ የለም የሚለውን ሰው አማርኛው «ሰነፍ» ሲለው ግእዙ «አብድ» ይለዋል። የእኛ «እብድ» ከዚያው ነው። ማቴዎስ 25 ላይ ዘይት ያልያዙት አምስቱ ደናግልም በአማርኛ «ሰነፎች» ናቸው፣ በግእዙ «አብዳት»። እነዚህ ልጃገረዶች ሥራ ፈት አልነበሩም። መብራታቸውን ይዘው ከሌሎቹ እኩል ወጥተዋል። የጎደላቸው ሙሽራው ቢዘገይስ ብሎ ማሰብ ነው።

ታዲያ ሥራ የማይወደው ሰው በመጽሐፍ ቅዱስ ምን ይባላል? «ታካች» ይባላል። «ታከተኝ» ከምንለው የመጣ ነው። «አንተ ታካች፣ ወደ ገብረ ጉንዳን ሂድ» የሚለው ለእሱ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ታካቹን የሚስልበት መንገድ ልብ ይነካል። ሣንቃ በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር እሱም አልጋው ላይ ይገላበጣል። ውጣ ሲሉት ደጅ አንበሳ አለ ይላል። ጥር ላይ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ ያደረ ሰው ይህን ሥዕል በደንብ ያውቀዋል፤ ከጋቢ ውስጥ መውጣት የሚያቅትበት ጠዋት አለ። ታካችነት የስንፍና አንዱ ዘመድ ነው እንጂ ስንፍና ራሱ አይደለም። አንድ ሰው ከዶሮ ጩኸት ጀምሮ እየሠራም ሰነፍ ሊሆን ይችላል።

ይህን ካለፍን ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል። ሰነፎች ሁሉ አንድ ናቸው?

አይደሉም። የብሉይ ኪዳን መጀመሪያ ቋንቋ ዕብራይስጥ ነው፤ ዕብራይስጡ ለዚህ በርካታ ቃላት አሉት። የመጀመሪያው «ፔቲ» ነው። አማርኛችን «አላዋቂ» ይለዋል። ገና ያልበሰለ፣ የነገሩትን ሁሉ የሚያምን፣ በር ክፍት ትቶ የሚተኛ ዓይነት ነው። በዚህ ሰው ላይ መጽሐፉ አይጨክንም። እንዲያውም መጽሐፈ ምሳሌ የተጻፈው ለእሱ ነው፤ ምዕራፍ 1 ላይ ለአላዋቂዎች ብልሃትን ለመስጠት ይላል። ሁለተኛው «ከሲል» እና «ኤዊል» የሚባለው ነው። አማርኛው ሁለቱንም ሰነፍ ይላቸዋል። ይህኛው ተነግሮታል፣ ሰምቷል፣ አልፈለገም። ምክር ሲሰጡት ይከፋዋል። ምዕራፍ 27 ላይ ሰነፍን ከእህል ጋር ሙቀጫ ውስጥ ከተህ በዘነዘና ብትወቅጠው ስንፍናው አይለቀውም ይላል። ገብስ የሸከሸከች የመንዝ ሴት ይህን ስትሰማ ቶሎ ይገባታል። ገብስ ሲወቀጥ ገለባው ይለቃል፤ ሙቀጫ የሚኖረው ለዚያ ነው። ገለባውን የማይለቅ እህል ካጋጠማት ግን ያ እህል ምን ሊሆን ነው?

ሦስተኛው «ሌጽ» ነው፣ ፌዘኛው። እሱ ራሱ አለመስማቱ ሳያንሰው በሚሰማው ላይ ይስቃል። አራተኛው «ናባል» ይባላል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። እንዲህ ከፋፍሎ ማየት ለኑሮ ይጠቅማል። ልጅህ አላዋቂ ሲሆን እንደ ፌዘኛ ከቀጣኸው ታበላሸዋለህ። ፌዘኛውን ደግሞ እንደ አላዋቂ ቁጭ አድርገህ ብታስተምረው ይሰድብሃል፤ ምዕራፍ 9 ይህንኑ ያስጠነቅቃል።

ከሁሉም የባሰው ግን ከአራቱ አንዱ አይደለም። ምዕራፍ 26 ላይ ለራሱ ጠቢብ የሆነ የሚመስለውን ሰው አየህን፣ ከእሱ ይልቅ ለሰነፍ ተስፋ አለው ይላል። ጥቅስ በቃሌ ስለማውቅ አውቃለሁ ብዬ ለምቀመጥ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይህ ቁጥር ከባድ ነው። በዚያው ምዕራፍ ምሳሌ በሰነፍ አፍ እንደ አንካሳ እግር ነው ይላል። እግሩ አለ፣ አይሄድም። በሰካራም እጅ እንዳለ እሾህም ነው ይላል። ጥቅሱ እውነት ነው፤ የያዘው እጅ ግን ሰውን ይወጋበታል። ስለዚህ በጥያቄና መልስ ውድድር አንደኛ መውጣትና ጠቢብ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን የሚለው መጽሐፉ ራሱ ነው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ልጨምር። ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ጎረቤታችንን «አንተ ሌጽ፣ አንተ ናባል» እያልን መመደብ ያምረን ይሆናል። ማቴዎስ 5 ላይ ወንድሙን ደንቆሮ የሚል ፍርድ ይገባዋል ተብሏል። ክፍፍሉ መጀመሪያ ራስን ለመፈተሽ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ጥበብ ራሷ ምንድን ናት የሚለው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ለእኛ ቅርብ ነው።

ጥበብ ስንል ዛሬ ትልልቅ ቃል የሚናገር ሽማግሌ ይታየናል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ጥበብን መጀመሪያ ከእጅ ጋር ያገናኛታል። ኦሪት ዘጸአት 31 ላይ እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠራው፤ የእግዚአብሔርንም መንፈስ በጥበብ ሞላበት። ባስልኤል ምን ሠራ? ወርቅ፣ ብርና ናስ ቀጠቀጠ፣ ዕንቁ ቀረጸ፣ እንጨት ጠረበ። ምዕራፍ 35 ላይ ደግሞ በልባቸው ጥበበኞች የሆኑ ሴቶች በእጃቸው ፈተሉ ይላል። የፍየል ጠጉር የፈተሉም ነበሩ። መዝሙር 107 ላይ ማዕበል የያዛቸው መርከበኞች ጥበባቸው ተዋጠች ይባላል። መቅዘፍም ጥበብ ነበረ ማለት ነው። የዕብራይስጡ ቃል «ሖክማ» ነው፤ «ሐኪም» ከምንለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው።

አማርኛ ይህን አልረሳም። ቀሚስ ጫፍ ላይ የሚሸመነውን ጌጥ «ጥበብ» እንለዋለን። «ጥበብ ቀሚስ» ስንል የሸማኔውን እጅ መጥራታችን ነው። ነገር ግን አሳፋሪ ነገርም አለብን። «ጠቢብ» ከሚለው ጋር ዘመድ የሆነውን «ጠይብ» የሚለውን ቃል ስድብ አደረግነው። ማረሻችንን የሚቀጠቅጠውን፣ ምጣዳችንን የምትሠራውን ሰው ጠይብ፣ ቡዳ ብለን ሸሸን። ልጆቻችንን ከዓይኑ ደበቅን። በእሱ ማረሻ እያረስን፣ በእሷ ምጣድ እየጋገርን ከማዕድ አራቅናቸው። እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን የሚያነብ ሰው ምን ያህል እንደሳትን ያያል። ሲራክ ገበሬውን፣ ማኅተም ቀራጩን፣ ብረት ሠሪውን፣ ሸክላ ሠሪውን አንድ በአንድ ይጠራል። ብረት ሠሪው ከእሳቱ ወላፈን ጋር ይታገላል፤ የመዶሻው ድምፅ ጆሮውን ይሞላዋል። ሸክላ ሠሪው በእግሩ መንኮራኩሩን ያዞራል። ያለ እነሱ ከተማ አይኖርም ይላል። መጽሐፉ በ81ዱ ውስጥ ያለ ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ አለን። ልባችን ውስጥ ግን ዘግይቶ ነው የገባው፤ በአንዳንዱ ቤት እስካሁንም አልገባም።

አክስቴ ጠጉር ስትፈትል ያየሁበትን ቀን አልረሳም። በጉ ተሸልቷል። ጠጉሩ ታጥቧል፣ ተፈልቅቋል። በግራ እጇ አመልማሎውን ይዛለች፤ በቀኝ እጇ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ታሽከረክራለች። ክሩ ሊበጠስ ሲል ጣቷ ከዓይኗ ቀድሞ ያውቃል። ላላ ታደርገዋለች፣ ትንሽ ጠጉር ትጨምራለች፣ ይቀጥላል። አፏ ወሬ ላይ ነው። እጇን አታይም። ከዚያ ክር ባና እና በርኖስ ይወጣል። ምሳሌ 31 ላይ ያለችው ልባም ሴት እጇን ወደ አመልማሎ ትዘረጋለች፣ ጣቶቿም እንዝርትን ይይዛሉ ሲል እኔ የማየው አክስቴን ነው። የዕብራይስጡ ግጥም 22 ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት በአንዱ በተራ ይጀምራል፣ ከሀ እስከ ፐ እንደ ማለት ነው። መጽሐፈ ምሳሌ 30 ምዕራፍ ሙሉ ስለ ጥበብ አስተምሮ የሚዘጋው በምትፈትል፣ በምትነግድ፣ ለድሃ እጇን በምትዘረጋ ሴት ነው።

እንስሳትም በጥበብ ይጠቀሳሉ። ምሳሌ ምዕራፍ 30 ላይ አጉር የሚባል ሰው አራት ትናንሽ ፍጥረታትን ይጠራል፦ ጉንዳን፣ ሽኮኮ፣ አንበጣ፣ እንሽላሊት። ሽኮኮን በሩቅ አገር ያሉ አንባቢዎች ምን እንደሆነ እየጠየቁ ነው የሚያነቡት። እኛ ግን ጣርማ በር ላይ መኪና ሲቆም ወርደን እናየዋለን። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከቋጥኙ ጫፍ ወጥቶ ይሞቃል። ጥርሱም ጥፍሩም አያስፈራም። ንስር ሲያንዣብብ ግን ብልጭ ብሎ ቋጥኙ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። አጉር ያለው ይህንኑ ነው። ሽኮኮ ያልበረታ ሕዝብ ነው፣ ቤቱን ግን በቋጥኝ ውስጥ ያደርጋል። ድካሙን አውቆ መጠጊያውን መረጠ፤ ጥበቡ ይህ ነው።

አራተኛው ጥያቄ ጥበብ የት ትቀመጣለች ነው። ለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ዕድለኛ ነው። መልሱ ልብ ነው። ሰሎሞን በገባዖን በሕልሙ የለመነውን አማርኛው «አስተዋይ ልቡና» ይለዋል። ዕብራይስጡ «ሌብ ሾሜዓ» ነው፤ ቃል በቃል «የሚሰማ ልብ» ማለት ነው። «ሌብ» እና «ልብ» አንድ ቃል ናቸው ማለት ይቻላል። ለብዙ ፈረንጅ ልብ የፍቅርና የስሜት ቦታ ነው። እኛ ግን «ልብ በል» ስንል አስብ ማለታችን ነው። «ልብ አላልኩትም» ስንል አላስተዋልኩም ማለታችን ነው። «ልብ ገዛ» የምንለው የበሰለውን ልጅ ነው። ምሳሌ ውስጥ «አእምሮ የጎደለው» የሚለውን ስታነቡ ዕብራይስጡ «ልብ የጎደለው» ነው የሚለው። ሰሎሞን ብዙ እንዲያውቅ አልለመነም፤ የሚሰማ ልብ ለመነ። የዚያው ሰው ልብ በኋላ መስማት አቆመ። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 11 ላይ 700 ሚስቶችና 300 ቁባቶች ልቡን አዘነበሉት ይላል። 3000 ምሳሌ የተናገረ አንደበት አላዳነውም።

«የጥበብ መጀመሪያ እግዚአብሔርን መፍራት ነው» የሚለውንም ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን። ፍርሃት ሲባል መንቀጥቀጥ የሚመስላቸው አሉ። አማርኛችን ግን ያብራራዋል። «ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ነጋዴ ነው» ስንል ማንም ባያየው ሚዛን አይሰርቅም ማለታችን ነው። ምሳሌ 11 ላይ ያለው «አባይ ሚዛን» ይኸው ነው። አባይ ሲል ወንዙን አይደለም፤ ውሸታም ሚዛን ማለቱ ነው።

አሁን ወደ ናባል ልመለስ። ከሁሉም ይልቅ እኔን ያስተማረኝ ስሙ ያው አራተኛው ቃል የሆነ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 25 ላይ ነው። ናባል 3000 በግና 1000 ፍየል ነበረው። የመንዝ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ቀና ይላል። በጎቹን ቀርሜሎስ ላይ እያሸለተ ነው፤ የሽለት ቀን ደግሞ የድግስ ቀን ነው። ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ በረሃ ነው ያለው። ሰዎቹ የናባልን እረኞች ሲጠብቁ ከርመዋል። አሥር ጎልማሶች ልኮ በዚህ በዓል ያለህን ስጠን አለ። ናባል «ዳዊት ማነው? የእሴይ ልጅስ ማነው?» አለ። ዳዊት 400 ሰው አስታጥቆ ተነሣ።

የናባል አገልጋይ ሮጦ የሄደው ወደ ሚስቱ ወደ አቢግያ ነው። ለምን ወደ ጌታው አልሄደም? ራሱ ይነግራታል። ጌታችን ክፉ ነው፣ ማንም ሊነግረው አይችልም አላት። ሰነፍን ከዚህ በላይ የሚገልጽ ቃል አላገኘሁም። ቤቱ ሊቃጠል ነው፣ አገልጋዩ ያውቃል፣ ባለቤቱን ግን ሊነግረው አይችልም። አቢግያ አልጮኸችም። 200 እንጀራ፣ ሁለት አቁማዳ ወይን፣ አምስት የተሰናዱ በጎች፣ ጥብስ እህል፣ ዘቢብ፣ የበለስ ጥፍጥፍ በአህያ ጫነች። ዳዊትን መንገድ ላይ ተቀበለችው። ከአህያዋ ወርዳ በግንባሯ ተደፋች። ነገ ስትነግሥ ያለ ምክንያት ያፈሰስከው ደም ልብህን እንዳይከስስህ አለችው። ዳዊት ሰማት፤ ምክርሽ የተባረከ ይሁን አላት። 400 የታጠቀ ሰው ከኋላው እያየው ከሴት ምክር መቀበልም ጥበብ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ትንሽ ነገር ብዙ ሰው ያልፈዋል። አቢግያ ቤቷ ስትመለስ ናባል እንደ ንጉሥ ግብዣ አድርጎ ሰክሯል። እሷም እስኪነጋ ድረስ አንዳች አልነገረችውም ይላል። ጠዋት ወይኑ ሲበርድለት ነገረችው። ያን ሌሊት ዝም ማለቷንና ጠዋት መናገሯን ሁለቱን አንድ ላይ ያዙልኝ።

በመሀል ሌላ ጥያቄ አለ። በአጭሩ ልለፈው እንጂ ለብዙ ወላጅ ሕመም ነው። ልጅን በሚሄድበት መንገድ ምራው፣ ቢሸመግልም ፈቀቅ አይልም የሚለውን ይዘው ልጃቸው የጠፋባቸው እናቶች ራሳቸውን ሲወቅሱ ሰምቻለሁ። ምሳሌ ግን ምሳሌ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሆነውን ይናገራል፤ የተፈረመ ውል አይደለም። መጽሐፈ ኢዮብ እዚያው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የተቀመጠው ጻድቅም መከራ እንደሚደርስበት ለመናገር ነው። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች የተናገሩት ብዙው ቃል ምሳሌ ውስጥ ካለው ጋር ይመሳሰላል። እግዚአብሔር ግን በመጨረሻ የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው። ትክክለኛ ቃል በተሳሳተ ሰው ላይ አዋሉት።

አሁን ከሁሉ የከበደው ጥያቄ። ምሳሌ 26 ቁጥር 4 «ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት፣ አንተ ደግሞ እርሱን እንዳትመስል» ይላል። ቁጥር 5 «ለሰነፍ እንደ ስንፍናው መልስለት፣ ለራሱ ጠቢብ የሆነ እንዳይመስለው» ይላል። ጎን ለጎን ናቸው። የቱ ነው ትክክሉ? የአይሁድ ሊቃውንት በጥንት ዘመን በዚህ ተጨንቀዋል። ታልሙድ ውስጥ አንዱ በሕጉ ነገር ነው፣ ሌላው በዓለም ነገር ነው ብለው ለይተው አስታርቀውታል። የእኛም ሊቃውንት አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ መፍታት የለመዱ ናቸው።

ይህን የሚጋጭ የሚመስል ነገር ተረታችን ውስጥም እናውቀዋለን። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እንላለን። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ሐሰት ነህ አይለውም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ሰው ሳያየው ቀርቶ አይመስለኝም። አንባቢው ቆም ብሎ እንዲያይ አስቦ ይመስለኛል።

ይህን የተረዳሁት ግን ሲቸግረኝ ነው። ባለፈው ዓመት የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ የአጎቴ ልጅ ስለ ውርስ መሬት ድንበር መጥፎ ነገር ጻፈ። ታላላቆቹን ዘለፈ። እኔንም ጨመረኝ። መልሴን ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ደግሜ ጻፍኩ። ቁጥር 4ን ሳስብ ልተወው እላለሁ። ቁጥር 5ን ሳስብ ሰዉ ሁሉ እውነት ይመስለዋል እላለሁ። በማግስቱ ለየኔታ ሄጄ ነገርኳቸው።

«የኔታ፣ የቱን ልያዝ?» አልኳቸው።

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ መልስ ሳይሆን ጥያቄ አመጡ። «ልጁ አላዋቂ ነው ወይስ ፌዘኛ?»

«አላዋቂ ነው። ሰው ነግሮት ነው።»

«ሲጽፍ ቀምሶ ነበር?»

«ቅዳሜ ማታ ነው የጻፈው። ይመስለኛል።»

«እዚያ ላይ ስንት ሰው ያየዋል?»

ቆጠርኩ። 43 ሰው ነበር። አማቾቹም አሉበት።

«ብቻውን ስታገኘውስ ይሰማል?»

ይሰማል። ልጅ ሆኖ እሳት ዳር እንቆቅልሽ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የኔታ ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ የጀመሩትን ንባብ ቀጠሉ።

ግሩፑ ላይ ምንም አልጻፍኩም። በማግስቱ ጠዋት፣ ቡና ጠጥቶ ወደ ሥራ ሳይወጣ ደወልኩለት።